ቀይዋ የእርግዝና ኪኒን ስትገመገም፦ አይረን ፎሊክ አሲድ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢት

ነጻ የሚሰጥ ነገር ገምጋሚ የለውም። ሰው ብር ያወጣበትን ስልክና ጫማ አገላብጦ ያያል፤ በእርግዝና ክትትል ጊዜ ከጤና ጣቢያ መስኮት የምትሰጠውን ቀይ ወይም ቡናማ ኪኒን ግን በቦርሳ ከትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ግምገማ የዚያች ኪኒን ነው፤ በግል ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጡት ተቀናቃኞቿም አብረው ይታያሉ። ውጤቱን ከወዲሁ ብንናገር፦ ኪኒኗ ከ10 ዘጠኝ፣ አሰጣጧ ከ10 አራት።

መጀመሪያ ውስጧ ያለው። አንዷ ፍሬ 60 ሚሊ ግራም ብረት፣ ማለትም አይረን፣ እና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ትይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡር በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ስለሚመክር፣ አንዷ ፍሬ የቀኑን ሙሉ ትሸፍናለች። ግራ የሚያጋባው ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ብረት ለብቻው ኪኒን አይሆንም፤ ከሌላ ነገር ጋር ተዋህዶ በጨው መልክ ነው የሚቀርበው። 300 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 180 ሚሊ ግራም ፌረስ ፉማሬትና 500 ሚሊ ግራም ፌረስ ግሉኮኔት በስም ሦስት ቢሆኑም ለሰውነት የሚሰጡት ብረት እኩል ነው፣ 60 ሚሊ ግራም። በግል ፋርማሲ "ይሄ 500 ነው፣ ከጤና ጣቢያው ይበረታል" ተብሎ የሚሸጥ ካለ፣ ገዢዋ የከፈለችው ለጨው ክብደት ነው። ስለዚህ ካርቶኑን አዙሮ የንጹሕ ብረቱን መጠን ማንበብ ይገባል። እሱ ካልተጻፈበት ፋርማሲስቱን መጠየቅ፤ ፋርማሲስቱም ካልመለሰ አለመግዛት።

ኪኒኗ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘችበት ምክንያት በነፍሰ ጡሮች ላይ በቅጡ ከተፈተኑት ጥቂት መድኃኒቶች አንዷ በመሆኗ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት በ1957 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን ገበያ ገብቶ ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ሲታደል፣ በ1961 መጨረሻ ከመሰብሰቡ በፊት እጅና እግራቸው ያልተሟላ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት ተወለዱ። አሜሪካ ውስጥ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉት የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያ ማስረጃው አልበቃኝም ብለው ፈቃድ በመከልከላቸው አገሪቱ ከጥፋቱ አብዛኛውን አመለጠች። የተወሰደው ትምህርት ግን ግማሽ ጎኑ ተጣመመ፦ በ1977 የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ መመሪያ አወጣ፤ የተነሣው በ1993 ነው። ዛሬ በብዙ መድኃኒቶች ወረቀት ላይ "በእርግዝና ጊዜ ስላለው ደኅንነት በቂ ጥናት የለም" የሚል ዓረፍተ ነገር የሚነበበው በከፊል ከዚያ የተነሣ ነው። "ጥናት የለም" ማለት "ይጎዳል" ማለትም "አይጎዳም" ማለትም አይደለም።

ፎሊክ አሲድ ግን ተጠንቷል። በ1991 ውጤቱ የወጣው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሙከራ በ7 አገሮች በ33 ማዕከላት 1817 ሴቶችን ያካተተ ነበር፤ ሁሉም ቀደም ሲል የጀርባ አጥንት ወይም የራስ ቅል ክፍተት ያለበት ልጅ ያጋጠማቸው ናቸው። በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ችግሩ እንዳይደገም በ72 ከመቶ ቀንሷል። እንዲህ ጎልቶ የታየ ውጤት በእርግዝና ሕክምና ውስጥ ብዙ የለም።

እዚህ ላይ የአሰጣጧ ትልቁ ጉድለት ይመጣል። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ፣ ማለትም በኋላ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነውና ሳይዘጋ ሲቀር ከላይ ያልነው ክፍተት የሚመጣበት፣ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። በወር አበባ አቆጣጠር ሲሰላ ይህ ማለት አበባዋ ሁለት ሳምንት የዘገየባት ሴት "ፀንሼ ይሆን?" ስትል ጉዳዩ አልቋል ማለት ነው። ሆዷ ገፋ ካለ በኋላ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ካርድ የምታወጣ እናት ከኪኒኗ ብረቱን በሚገባ ትጠቀምበታለች፤ የፎሊክ አሲዱ ዋና ሥራ ግን አምልጧታል። ኪኒኗ አላጠፋችም፤ የዘገየው አሰጣጧ ነው።

ስለዚህ ፎሊክ አሲድ የሚጀመረው ከፅንሰት በፊት ነው፤ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብሎ። በሰሜን ሸዋ ሠርጉ የሚበዛው በጥር ነው፤ እንግዲያው ቶሎ መውለድ የምታስብ ሙሽራ በነቢያት ጾም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብትጀምር ሒሳቡ ይመጣል። ክንዷ ውስጥ ያለውን የወሊድ መከላከያ ልታስወጣ የሄደች ሴት ደግሞ በዚያው ዕለት፣ ከዚያው ክፍል፣ ፎሊክ አሲድ ትጠይቅ። መከላከያው ሲወጣ የማርገዝ ዕድሉ በቶሎ ይመለሳል።

አንድ አደገኛ ስሌት አለ። ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ መጠን፣ 4 ወይም 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ይታዘዝላታል። "እንግዲያው ቀይዋን አብዝቼ ልዋጥ" ማለት ግን ስሕተት ነው፤ 12 ፍሬ ብትወስድ ከ5 ሚሊ ግራም ያነሰ ፎሊክ አሲድ ታገኝና 720 ሚሊ ግራም ብረት ታስገባለች። ለዚህ ብቻውን የሚሸጥ ባለ 5 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አለ፤ ርካሽ ነው። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ደግሞ ቫልፕሮኤት ለብቻው ይነሣ፦ በእርግዝና ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱት 10 ልጆች አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል፣ ከ10 ሦስት እስከ አራቱ የአእምሮ ዕድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። በድንገት ማቋረጥም እናቲቱን ሊገድል ስለሚችል፣ መቀየሩ ከሐኪም ጋር ከእርግዝና በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።

አወሳሰዷ ላይ እንምጣ፤ አብዛኛው ብክነት ያለው እዚህ ነው። የብረት ጠላቱ ቡናና ሻይ ናቸው። በ1983 የታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከምግቡ የሚገኘውን ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ በ64 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያው ጥናት የምንወደው ሌላ ግኝት አለ፦ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም፤ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ቀነሰ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ በሚወርድበት ቤት ይህ ቅደም ተከተል ዋጋ አለው። ምሳ ተበልቶ ወዲያው ቡና ከሚፈላ፣ ቡናው ቀድሞ ምሳው ቢከተል ይሻላል። "ቡና ተዉ" ብሎ መስበክ በዚህ አገር የትም አያደርስም፤ ሰዓቱን ማዛወር ግን ይቻላል።

ስለዚህ ለኪኒኗ የሚስማማው ሰዓት ማታ ነው፤ እራት ከተበላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ልትተኛ ስትል፣ በውኃ። ማታ መሆኑ ለጿሚዋም ያለ ክርክር ይመቻል፤ የሚመጣው ማቅለሽለሽም በእንቅልፍ ያልፋል። ግማሽ ብርቱካን ወይም በውኃ የተበጠበጠ ሎሚ ቢታከልበት ብረቱ በተሻለ ይገባል። ሎሚ ቃር ለሚያስነሣባት ይቅርባት። ባዶ ሆድ የሚያስመልሳት ሴት ከቁራሽ ዳቦ ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ትውሰዳት፤ ከእህሉ የተነሣ ትንሽ ብረት ይባክናል፣ ግን የተተፋ ኪኒን ሙሉ በሙሉ ባክኗል። ከወተት፣ ከአይብና ከእርጎ ጋር ግን አይሆንም።

የጎንዮሽ ስሜቶቿ የታወቁ ናቸው፦ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ አንዳንዴ ተቅማጥ፣ የዓይነ ምድር መጥቆር። ጥቁረቱ ያልተመጠጠ ብረት ስለሆነ አያሳስብም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ልዩ ሽታ ያለው፣ ከማዞርና ከሆድ ሕመም ጋር የመጣ ጥቁር ዓይነ ምድር ግን የውስጥ መድማት ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ሐኪም ጋ። ለድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ባቄላና አጃ። ብዙ ሴቶች ኪኒኗን የሚጥሉት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ "ዓይነ ምድርሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ" የሚል አንድ ቃል ከመስኮቱ ቢሰጥ ኖሮ ብዙዎቹ አይጥሏትም ነበር።

"ጠዋትና ማታ ብወስድ በእጥፍ ይገባል" የሚለው ሐሳብም ይፈተሽ። ስዊስ ያሉ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ሥራ 60 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ብረት ከተወሰደ በኋላ ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ለአንድ ቀን ያህል ከፍ ብሎ ቀጣዩን ብረት በር እንደሚዘጋበት አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥተው አንድ ቀን አሳልፎ መውሰድ ይበጃል የሚሉ አሉ። ሙከራው ግን ባላረገዙ ሴቶች ላይ የተደረገ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ምክሩ አሁንም በየቀኑ አንድ ፍሬ ነው። ደሟ ማነሱ በምርመራ ለታወቀ 120 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ሁለት ፍሬ፣ ሊታዘዝ ይችላል፤ ያ የሕክምና መጠን ነው፣ በራስ የሚወሰን አይደለም።

አሁን ስለ ሰሜን ሸዋ ብቻ የሚነገር ነገር፦ ከፍታ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ደጋ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት ግን ቁልቁል ወርዳ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። አየር በሳሳበት ቦታ ሰውነት ሄሞግሎቢንን፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን፣ ስለሚጨምር፣ ደጋ ላይ የተለካ ቁጥር እንዳለ አይነበብም። የነፍሰ ጡር ደም ማነስ ወሰኑ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሦስት ወር 11፣ በመካከለኛው 10.5 ግራም በዴሲ ሊትር ነው። በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ2500 እስከ 2999 ሜትር ለሚኖሩ ከተለካው 1.8 ግራም እንዲቀነስ ይላል፤ የቀድሞው ሠንጠረዥ በ2500 ሜትር 1.3 ይቀንስ ነበር። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ላይ በስምንተኛ ወሯ 12.4 የተነበበላት ሴት "ደምሽ ጥሩ ነው" ተብላ ትሸኝ ይሆናል፤ ሲቀነስ ግን 10.6 ላይ ናት፣ ከወሰኑ በታች።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክቶ የሴቶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15፣ የወንዶቹ 15.9 ሆኖ አገኘው፤ ይህ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የኢትዮጵያ ደገኛ ሄሞግሎቢን እንደ ደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ሰው ከፍ አይልም ማለት ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡን እንዳለ መቀነስ አንዳንዷን ያለ በሽታዋ በሽተኛ ሊያደርጋት ይችላል። የእኛ ፍርድ ይህ ነው፦ መከላከያዋን አንድ ፍሬ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን መውሰድ፤ ወደ ሁለት ፍሬ ለማሳደግ ግን ቁጥሩ ከ11 እስከ 13 መካከል ሲዋልል የቀይ ደም ሕዋሱ ምን ያህል ትንሽ ወይም ትልቅ እንደሆነና ከተቻለ በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን ማየት። ከ7 በታች ከሆነ ኪኒን አይጠበቅም፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቆላው ሌላ ጣጣ አለው። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ደም የሚያንሰው ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከወባና ከመንጠቆ ትል ነው፤ ትሉ እየመጠጠ ብረት ማፍሰስ ወንፊት መሙላት ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ አንድ ጊዜ የሚዋጥ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወይም 500 ሚሊ ግራም ሜቤንዳዞል ከክትትሉ ጋር ይጠየቅ። ትል ለማስወጣት ኮሶ መጠጣት ግን በእርግዝና ፈጽሞ አይሆንም። ትኩሳት ካለ ወባ ይመርመር፤ የወባ መድኃኒቱ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን ከ2022 ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት መክሯል፤ ሌላው የወባ መድኃኒት ፕሪማኩዊን ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያላት ግንኙነት ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። ለደም ግፊት በእርግዝና የሚታዘዘውን ሜቲልዶፓ ብረት ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ግፊቷ አልወርድ ያለ እናት መጠኑ ከመጨመሩ በፊት "ሁለቱን አብረሽ ትውጫቸዋለሽ ወይ?" ትባል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ካልሲየምም እንዲሁ፤ ካልሲየሙ ከምሳ ጋር፣ ብረቷ ማታ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር የምትወስድ እናት ሁለቱን ከምግብ ጋር አብራ ልትውጥ ትችላለች፤ ባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩ ከብረቷ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይሁን። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን አራት ሰዓት ይራቅ። የጨጓራ መድኃኒቶችም አሲዱን ስለሚያጠፉ ብረቱን ያደክማሉ።

በነገራችን ላይ ኪኒኗን ልትገዛ የሄደች ሴት ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አብራ ብትጠይቅ ፋርማሲስቱ "ስንት ወርሽ ነው?" ሊል ይገባል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እነዚህ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የእንሽርት ውኃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል በአነስተኛ መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ የተሻለው ነው።

ተቀናቃኞቿ? ሽሮፑ ለመዋጥ ለሚቸግራት ይጠቅማል፤ ጥርስ ያጠቁራልና ከዋጡ በኋላ አፍ መጉመጥመጥ ይገባል፣ መጠኑም በማንኪያ ሲለካ ይሳሳታል። በዝግታ የሚለቀቁና አንጀት ውስጥ እንዲሟሙ የተሸፈኑ ውድ ኪኒኖች ለሆድ ለዘብ ይላሉ፤ የሚለዝቡት ግን ብረቱ ከሚመጠጥበት የትንሹ አንጀት መግቢያ አልፈው ስለሚሟሙም ጭምር ነው። ለልስላሴ የተከፈለው ብር ብረት አልገዛም። 15 ቫይታሚንና ማዕድን የያዘው ድብልቅ ኪኒን ግን የምር ተፎካካሪ ነው፦ ብረቱ 30 ሚሊ ግራም ቢሆንም፣ ከአይረን ፎሊክ አሲድ ጋር በተነጻጸረባቸው ሙከራዎች ክብደታቸው አንሶ የሚወለዱትን ሕፃናት በ12 ከመቶ ገደማ ቀንሷል። ደሟ ላላነሰና አቅሙ ላላት እሱን ብትመርጥ አንቃወምም። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ግን ያለ ትእዛዝ አይሆንም።

አቀማመጧ ላይ ቀልድ የለም። በስኳር የተሸፈነች ቀይ ፍሬ ለሕፃን ከረሜላ ናት። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን አራት ፍሬ መመረዝ ይጀምራል፤ 10 ፍሬ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ለሰዓታት የተሻለው ይመስላል፣ ይህ የተሻለ መምሰል ነው ብዙ ወላጅ የሚያታልለው። ከዋጠ ወዲያው፣ ደህና መስሎ ቢታይም፣ የቀረውን ፍሬ ይዞ ወደ ሆስፒታል። ኪኒኗ ከምድጃ ርቃ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ትቀመጥ፤ ሽፋኗ የተሰነጠቀ፣ የረጠበች ወይም ቀለሟ የተዥጎረጎረ ከሆነ ትመለስ።

የአሰጣጡን አራት ነጥብ እንዝጋው። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጨረሻ እርግዝናቸው ኪኒኗን ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ከመቶ አምስቱ ብቻ ነበሩ። አንድ ወር ማለት 30 ፍሬ ነው፤ በየቀጠሮው 10 ወይም 15 ፍሬ እየተሰጣት ቀጣዩ ቀጠሮ ከወር በኋላ የሆነ እናት ሒሳቡ ከወዲሁ አልሞላላትም። መስኮቱ ላይ ፍሬውን ቆጥሮ ከቀጠሮ ቀን ጋር ማስተያየት ይገባል፤ ቢጎድል እዚያው መጠየቅ፣ ክምችት ከሌለ ደግሞ በስንት ሚሊ ግራም እንደምትገዛ በካርዷ ላይ ማስጻፍ። ከወለደች በኋላም አይቋረጥ፦ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። አራስ ቤት ገንፎው፣ አጥሚቱና ሻይው በሚበዛበት ሰሞን ኪኒኗ የምትረሳው ያኔ ነው፤ የማታው ሰዓት ግን ያው ነው።